የባርኔጣ እጅ

ንጉሡ ባርኔጣው ላይ ባይቀመጥ ኖሮ ሁለቱ ባልተገናኙ ነበር።

ንጉሥ ሲባል የእውነት ንጉሥ አይደለም። በቴያትር ቤቱ ንጉሥ ያለበት ጨዋታ በመጣ ቁጥር የሚጫወተው እሱ ስለሆነ ስሙ እዚያው ቀረ እንጂ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሳቁ ተከትሎት የሚወጣ ደግ ሰውዬ ነው። የዚያን ቀን ልምምዱ ቢያደክመው ወንበር ስቦ ዘፍ አለ። ሲነሳ፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ግራጫ ባርኔጣ ሰሃን መስሏል።

«ይሄን እዚህ ማን አስቀመጠው?» አለ፣ ጥፋተኛ ሰው እንደሚለው።

«ማንም አላስቀመጠውም። ዙፋንዎን ሊሞክር ራሱ ወጥቶ ነው» አለችው ልብስ ጠባቂዋ።

ይህቺን ልጅ ቤትም ሥራ ቦታም የሚጠሯት ጭምት ብለው ነው። ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን እንዲህ ነች። የተዋንያኑን ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ የተተረተረውን ትሰፋለች። እጇ ያልደፈረው ነገር ባርኔጣ ብቻ ነበር። ባርኔጣ ሌላ ሞያ ነው። ደግሞም እናቷ ቤት ባርኔጣ የሚባል ነገር አይገባም፤ ምክንያቱን ኋላ እንደርስበታለን። ብቻ የዚያን ቀን ሌላ የሚላክ ሰው ጠፋና፣ የተጨፈለቀውን በጋዜጣ ጠቅልላ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ወዳለው ባርኔጣ ቤት ሄደች።

በሩን ስትገፋ ደወል ጮኸ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ደግሞ ዓይንና አፍንጫ የሌለው የእንጨት ራስ ነው፤ ትልቅ ራስ፣ ትንሽ ራስ፣ ከኋላው የሾለ፣ ከላዩ ጠፍጣፋ። የረጠበ ሱፍ ሽታና የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ቤቱን ሞልቶታል። ከእንፋሎቱ መሃል አንድ ወጣት ብቅ አለ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ በከንፈሮቹ መካከል ስፒሎች ነክሷል።

ሲያያት ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። አንዱ ወደቀ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ጋዜጣውን እየፈታ።

«ንጉሥ ተቀመጠበት።»

ባርኔጣውን ገልብጦ አየው፣ ውስጡን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ከባድ ዘመነ መንግሥት ነበር ማለት ነው።»

ጭምት መሳቅ አልፈለገችም። ሳቋ ግን አልታዘዛትም።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳ፣ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ማነው?»

«ደንበኛ ናቸው ጋሼ።»

«ራሳቸው ስንት ነው?»

«ራሳቸውን አላመጡም፣ ባርኔጣ ብቻ ነው ያመጡት።»

«በድምፃቸው ሃምሳ አምስት ናቸው» አለ መጋረጃው።

«አጎቴ ናቸው» አለ ወጣቱ፣ እንደማፈር ብሎ። «ሰፈሩ ጋሼ ራስ ነው የሚላቸው። ሹመት ኖሯቸው ሳይሆን የሰው ሁሉ ራስ በእጃቸው ስላለፈ ነው።»

«ባርኔጣውስ? ይድናል?»

«ሱፍ አይሞትም። እንፋሎት ሲያገኝ የነበረበትን ያስታውሳል።»

ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ደፋው። ባርኔጣው ቀስ በቀስ ለሰለሰ፣ ከውስጥ በጡጫው ገፋው፣ አንድ የእንጨት ራስ መርጦ አለበሰው፣ ሥሩን በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ሰሃን የነበረው ነገር ዓይኗ እያየ አናትና ጠርዝ አወጣ። የቀረው የተነቀለውን ሪባን መስፋት ነበር። መርፌ አነሳ። ክሩ አልገባለትም። ክሩን በምራቁ አርጥቦ ደገመ። አልገባም።

«ላስገባልዎት?»

«አይ፣ ይገባል።»

አልገባም። ከእጁ ወሰደችና ባንድ ጊዜ አስገባችው። ስትመልስለት ጣቶቻቸው ተነካኩ። የእሱ ጣቶች ሞቃት ነበሩ፤ ደግሞም ይርዱ ነበር። ደክሞት ይሆናል አለች በልቧ።

*

በዚያ ሰሞን የቴያትር ቤቱ ባርኔጣዎች ሁሉ ባንድ ላይ ታመሙ። የመኮንኑ ባርኔጣ ጠርዙ ዞረ። የሙሽራዋ ሪባኑ ደበዘዘ። የለማኙን ባርኔጣ በጋዜጣ ስትጠቀልል ንጉሡ ከበሩ ላይ ያዛት።

«እሱን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው? መቀደዱ እኮ ነው ሥራው።»

«በሥርዓት እንዲቀደድ ነው» አለችና ወጣች።

ባርኔጣ ቤት ውስጥ ለእሷ የተለየች ወንበር ተገኘች፤ በመስኮቱ በኩል፣ እንፋሎት የማይደርስባት። እሱ እየሠራ ያወጋታል። አንድ ቀን የወንድ ባርኔጣ ገልብጦ፣ ከውስጠኛው ቆዳ ጀርባ የተደበቀች ትንሽ ቋጠሮ አሳያት።

«ድሮ ባርኔጣ እንዲህ በልክ አልነበረም። ውስጡ ክር ነበረውና ሰው በራሱ መጠን ስቦ ያጠብቀው ነበር። ኋላ ልክ መጣ፤ ክሩ ሥራ ፈታ። ግን ሊያባርረው የጨከነ ባርኔጣ ሠሪ አልተገኘም። ይቺን አክሎ ቀረ።»

«ያለ ሥራ?»

«አንድ ሥራማ አለው። ፊትና ኋላን ይለያል።»

«እንግዲያ ከብዙ ሰው ይሻላል።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል የመሰለ ሳቅ ተሰማ።

እንዲህ እየተባባሉ እርስዎና እርስዎ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ልትሄድ ስትነሳ ዝናብ ጀመረ፣ እሱም ሳያስበው «ቆዪ፣ አትሂጂ» አለ። ሁለቱም ሰሙት። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ በክፍሉ ውስጥ ቆመ። እሱ ማንቆርቆሪያውን ያለ ቦታው አስቀመጠ፤ እሷ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እሺ፣ አልሄድም» አለች። ጥቂት ቆይታም «አንተ ግን ካፖርት የለህም?» አለችው። ካፖርቱ አሳስቧት አይደለም። አንተ ለማለት ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ባርኔጣ ሊሠራላት ጠየቃት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በግንባሯ ዙሪያ አዞረው። በጣም ቀረበ። መስተዋቱ ውስጥ ፊቱን አየችው፤ እንደ ሕፃን ልጅ ተጠንቅቋል። ያኔ ጆሮዋ አጠገብ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማች። ሜትሩ ነው። እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እጁ ይርድ ነበር፤ ትንሽ አይደለም፣ እስከ አንጓው ድረስ።

ጭምት ዓይኗን ከፊቱ ወደ እጁ አወረደች።

«ይሄን ሥራ ከጀመርክ ቆየህ?»

«የተወለድኩት ሱፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አያቴም ባርኔጣ ሠሪ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችም።

*

የጭምት እናት ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉን ቀድማ የምታይ ሴት ነች እንጂ። ልጇ ከሥራ ከዘገየች መኪና ገጭቷት ነው፤ በጊዜ ከመጣች ተባራ ነው። በር ሲንኳኳ ደረቷን ይዛ «ማን ሞተ?» ትላለች። እስከ ጎረቤት በር ስትሄድ እንኳ ወዴት እንደምትሄድ ሳትናገር አትወጣም፤ ምናልባት ወድቃ ብትቀር የሚፈልጋት እንዲያውቅ።

እንዲህ ያደረጋት አባቷ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ የባርኔጣ ሱፍ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሱፉ የሚሠራበት የጥንቸል ፀጉር እንዲጣበቅ የሚነከርበት መድኃኒት ሜርኩሪ ነበረበት፤ ሲደርቅ የሚወጣውን ትነት ሠራተኛው ሁሉ ሲምገው ይውላል። መጀመሪያ እጃቸው ይርዳል። ከዚያ ዓይነ አፋር ይሆናሉ፣ ከዚያ ቁጡ፣ ከዚያ ከሰው ይሸሻሉ። በእነሱ ቤት የዚህ በሽታ ስሙ የባርኔጣ እጅ ነው። ጭምት አያቷን የምታስታውሰው ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ባዶ ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከአልጋው ጀርባ ሲገባ ነው። እናቷ እስኪሞት ጢሙን ላጭታለች፣ አጉርሳዋለች፣ ስሟን ሲረሳው ነግራዋለች።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ለማንኛውም እንግዳ ሻይ የምትቀዳው እስከ አፉ ሞልታ ነው። ሰው ደግነት ይመስለዋል። እሷ ግን የእንግዳውን እጅ ነው የምታየው።

ጭምት ምንም አልተናገረችም። ያሳጣት ሻርፗ ነው። እናቷ ልታጥበው አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ከዚያም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ይሄ የረጠበ ሱፍ ሽታ ነው። የአባዬ ኮት እንዲህ ነበር የሚሸተው። የት ነው የምትውዪው አንቺ ልጅ?»

ጭምት ውሸት አትችልበትም። ነገረቻት።

እናቷ አልጮኸችም። «የፈሩት ይደርሳል» አለች ብቻ፤ ሻርፑን ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ መልሳ አጥፋ። «አምጪውና ልየው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማውን ወልውሏል፤ ባርኔጣውን በር ላይ አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። እናቷ በአክብሮት አስቀመጠችው፣ ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ ስለ ጤናው ደግማ ጠየቀችው። ጭምት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻዩ እስከ አፉ ሞልቶ መጣ።

ብርጭቆውን ሲያነሳ ቀና አለና ጭምትን አያት። ሻዩ ማብለጭለጭ ጀመረ፤ ከዚያ ፈሰሰ። በጣቶቹ ላይ፣ በሱሪው ላይ፣ በጠረጴዛው ልብስ ላይ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ይቅርታ።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ ልጄ። ይደርሳል» አለች እናትየው። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ሲሄድ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። «አየሽ?»

«አየሁ፣ እማዬ።»

«ዛሬ ሻይ ነው። ነገ ማንኪያ ነው። ከነገ ወዲያ ስምሽን ይረሳዋል፣ አንቺ ደግሞ እንደኔ ምላጭ ይዘሽ ጢም ትላጫለሽ። እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም። ደግ ልጅ ነው። አባዬም ደግ ነበር።»

*

ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ አገኘችው። የሞቀ ዳቦ የያዙ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እሱ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል፤ ጭምት ይህን አየች። ደብቆታል አለች በልቧ። ያውቀዋል ማለት ነው።

«ከእንግዲህ አትጠብቀኝ» አለችው።

«ሻዩን ስለደፋሁ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ሥራዬ ነው። ገብቶኛል። ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው እያለቀ ነው፤ እናትሽ በምን ያኖራታል ቢሉ አልፈርድም።»

አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ግን አይደለም ካለች ምንድነው ይላታል። የምትወደውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች፣ አንተ ታመሃል፣ እጅህ ጀምሯል፣ መጨረሻህን እኔ አውቀዋለሁ ትበለው? በድህነት የናቀችው ቢመስለው ይሻላል። ቢያንስ በሰላም ይተኛል።

ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው።

«ባርኔጣሽ አልቋል» አለ። «ሳትፈልጊው ብትቀሪም ያንቺ ነው።»

ከኪሱ እጁን አላወጣም። ሊጨብጣት እንኳ አላወጣም። መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ ደወሉ ከማዶ ጮኸ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ የቴያትር ቤቱ ባርኔጣዎች ጤነኞች ሆኑ። ንጉሡ ነገሩ ገብቶት አንድ ቀን ሆን ብሎ አንዱ ላይ ተቀመጠና «ውይ፣ እኔን፣ አሁን ይሄን ማን ይጠግነው?» አለ። ጭምት ባርኔጣውን ከሥሩ ስባ፣ በጡጫዋ ገፍታ አቃናችው። ጎበጥ እንዳለ ቀረ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ቤትም ያው ነች። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ለእናቷ ጥያቄ ትመልሳለች። ግን ስታጥብ አንዱን ሸሚዝ ይዛ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ትቆማለች። እናቷ ይህን ከበር ላይ ታያለች። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዛት፤ ልጄ ትደርቅብኛለች የሚል። በአንድ ወገን የባርኔጣ እጅ፣ በሌላ ወገን ይሄ። በመሃል ተይዛ እንቅልፍ አጣች።

*

ጭምት ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እናቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች።

«መጣሁ» አለችና ወጣች።

መጣሁ ብቻ። ወዴት እንደሆነ የለም። ጭምት ሳህኑን እንደያዘች በሩን አየችው። እናቷ ሳትናገር የወጣችበትን ቀን አታስታውስም። ሐኪም ቤት ነው አለች በልቧ። አንድ ነገር ደብቃኛለች። የእናቷ ልጅ ነችና ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ከኋላዋ ተከተለች።

እናቷ ሐኪም ቤቱን አለፈችው። ገበያውን አለፈችው። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ልብሷን አስተካከለችና፣ መንገዱን ተሻግራ የባርኔጣ ቤቱን ደወል አስጮኸች።

ጭምት መስኮቱ ጥግ ላይ ተጠግታ ቆመች። እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅ ይሰማል።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እትዬ» ይላል እሱ። ከስቷል። ስለ ልጅቷ ግን አንድ ቃል አልጠየቀም።

«ባርኔጣ ላሠራ ነው» አለች እናቷ፣ በሕይወቷ ባርኔጣ አድርጋ የማታውቅ ሴት።

መስተዋቱ ፊት አስቀመጣት። ሜትሩን በራሷ ዙሪያ አዞረ። ጭምት በመስኮቱ ታያለች፤ እናቷ በመስተዋቱ ታያለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነገር ነው። ሜትሩ ፀጥ ብሏል። ጣቶቹ እንደ እንጨቱ ራስ ረግተዋል።

«እስቲ ክር አስገባ» አለች እናትየው።

«አሁን የሚሰፋ ነገር የለም እኮ፣ እትዬ።»

«ግድ የለም። አስገባልኝ።»

ግራ ገባው። መርፌ አነሳና ባንድ ጊዜ አስገባው።

«ጠማኝ። ውኃ ስጠኝ። ሙላው፣ አታጉድለው።»

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልቶ ከጓዳው በር እስከ መስተዋቱ አመጣላት። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። እናትየው ተቀበለችው፤ የእሷ እጅ ነበር የደፋው።

በዚህ መሃል መጋረጃው ተገለጠና ጋሼ ራስ ወጡ፤ አጭር፣ ወፍራም ሽማግሌ፣ ቡናማ ባርኔጣ ያደረጉ። «እህቴ፣ ባርኔጣ ፍለጋ አይመስለኝም የመጡት» አሉ።

«እዚህ ቤት ሜርኩሪ አለ?» አለች በቀጥታ።

«ከሙቀት መለኪያው ሌላ አላየሁም። ያ የፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ፀጉሩ ከቆዳው ሲለይ። እሱም ቢሆን ተከልክሎ ቀርቷል። ለኛ የሚመጣው ያለቀለት ሱፍ ነው። የኛ ሥራ እንፋሎትና ጡጫ ነው።»

«አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ነበር።»

ጋሼ ራስ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰፈሩ አይቶት የማያውቀው ራሰ በራቸው አበራ። የወንድማቸው ልጅም ደንግጦ አያቸው። ሽማግሌው እንደዚያ ባዶ ራሳቸውን፣ ባርኔጣውን ሆዳቸው ላይ ይዘው፣ ሴትየዋ ዓይኗን እስክትጠርግ ቆሙ።

«ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ወጣቱ ዞራ፣ «እኔ ቤት እጅህ እንደዚያ የራደው ለምንድነው?»

ጆሮው ቀላ። ስፒል ያለበትን ሰሃን አንስቶ ያለ ምክንያት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ወሰደ። «እንዲሁ ነው፣ እትዬ።»

«እንዲሁ የሚባል በሽታ የለም።»

ጭምት ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። በሩን ገፋች። ደወሉ ጮኸ።

ቀና አለና አያት። ሰሃኑ እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ እየበረታ። ስፒሎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ፤ ከዚያም ሰሃኑ ዘመመና ሁሉም ወለሉ ላይ ዝናብ ሆኖ ወረደ።

እናትየው የልጁን እጅ አየች። ወደ በሩ ዞራ ልጇን አየች። ተመልሳ እጁን አየች።

«ውይ» አለች፣ ቀስ ብላ። «በሽታውስ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አሉ ጋሼ ራስ ባርኔጣቸውን እየመለሱ። «በዚህ ቤት ስፒል ከወደቀ እሷ መጣች ማለት ነው። ደወሉን ነቅለን ብንጥለው ምንም አይጎድልብንም።»

«ታዲያ አይናገሩም ነበር?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? የኔ ሥራ ራስ ነው። ልብ አልለካም።» ከዚያም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያዙላት። «ይምጡ፣ ጓዳ ወንበር አለ። እዚህ ስፒል ይወጋዎታል።»

*

ሁለቱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ስፒል ይለቅማሉ። እሷ አንድ እፍኝ ለቅማለች፤ እሱ የያዘው አንዱ መልሶ ይወድቅበታል።

«ድህነት አልነበረም» አለች ወለሉን እያየች። «ሥራህም አልነበረም። እንደ አያቴ የታመምክ መስሎኝ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።»

«አሁን ሰማሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺን ሳይ እጄ ይርዳል ብዬ? ይሄን ሌላ ወንድ ሲናገር ብሰማ እኔ ራሴ እስቃለሁ። ደግሞ እጁ የሚርድ ባርኔጣ ሠሪ ምን ይባላል? ኪሴ ውስጥ የከተትኩት አፍሬ ነው።»

እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው። እዚያው መዳፏ ውስጥ ይርድ ነበር፤ ከእጇ ሊያመልጥ ያልፈለገ ወፍ ይመስል። አጥብቃ ያዘችው፣ አልቆመም።

«ይቆማል?»

«እንጃ» አለ። «ሲለምድሽ ይቆም ይሆናል።»

«እንግዲያ አይልመደኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ሰዎች ባንድ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነበር። እናትየው ብዙ መንገድ ዝም ብላ ሄደች። ጭምት በዚህ ዝምታ ደስ አላት፤ እናቷ የምትፈራው ነገር ያለቀባት መሰላት።

«አሁን ደግሞ ምን እንደፈራሁ ታውቂያለሽ?» አለች እናትየው።

«ምን ፈራሽ፣ እማዬ?»

«እጁ የረጋ ለት።»

ጭምት መንገዱ መሃል ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። የእውነቷን ነበር።

*

ተጋቡ። ከባርኔጣ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ገቡ፤ መስኮቷ ወደ ዳቦ ቤቱ ያያል። ንጉሡ በሠርጋቸው ቀን ወንበሩን በደንብ ሳያይ አልተቀመጠም።

እጁም ብዙ ጊዜ ራደ። የቀለበቱን ጣት ስቷል፣ ጨው አፍስሷል፣ ከታች ሆኖ፣ በደረጃ ስትወርድ ድምፅዋን ሲሰማ ሪባን አጣሞ ሰፍቷል። ጋሼ ራስ «እስቲ ደንበኛ እስኪሄድ ላይ ቆዪልኝ፣ ልጄ» እያሉ ይለምኗት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስትለብስ የቀሚሷ ቁልፎች በጀርባዋ በኩል አልደርስ አሏት። ጥቃቅን ናቸው፣ አተር የሚያህሉ፣ ከወገብ እስከ ማጅራት የተደረደሩ። ጀርባዋን ሰጠችው። አንድ በአንድ ይቆልፍ ጀመር። ፀጉሯን ወደ ፊት ይዛ ስትጠብቅ፣ አንድ ነገር ጎደለባት፤ ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም። ወገቧን አለፈ፣ መሃል ጀርባዋን አለፈ። አንዱም ቁልፍ አላመለጠው።

የእናቷ ልጅ ነችና ፍርሃቱ እስኪመጣ ጠበቀችው። ከታች የዳቦ ቤቱ መዝጊያ ሲከፈት ተሰማ። አንድ ሰው አስነጠሰ። ፍርሃቱ አልመጣም።

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈ። እጁን ግን አላነሳም፤ ማጅራቷ ላይ እንደ ነበረ ተወው፤ ሞቃት፣ ሙሉ፣ ፀጥ ያለ።

«ረጋ» አለች።

«ምኑ?»

«እጅህ።»

ጎንበስ ብሎ ከትከሻዋ በላይ የራሱን እጅ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ።

«ቤቱ ገብቶ ነዋ» አለ።

ጭምት እጁ ላይ ጉንጯን አስደግፋ ቆየች። ሥራ ረፈደባት። እጁ መርጋቱን ግን ለእናቷ አልነገረቻትም።